በእመት ጥሩነሽ ቤት የዘረጋነው ነጭ ጨርቅ

የፎቶ ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በቅሎ ጫኝ ነበርኩ። የነጋዴ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ ከታች ጋይንት ወደ ስማዳ፣ ከስማዳ ወደ እስቴ አመላልስ ነበር። የጫኝ ዕውቀት ማሰር ነው። ያላላኸው ጭነት ገደል ይገባል፣ ያጠበቅኸው የከብቱን ጀርባ ይልጣል። ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ቤት የነበራቸው ጋሸ ተሰማ የሚባሉ ሰው በገበያው መካከል ቆመው ጫኝ ያፈላልጉ ነበር። ኮት ለብሰዋል፣ ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል፣ ሳጥኖቻቸውን እንደ ሕፃን ይጠብቃሉ። በየገበያው እየዞሩ ሰው ፎቶ የሚያነሱት ከክረምት በኋላ ነበር።

«ውስጡ ብርጭቆ አለ» አሉኝ።

«ብርጭቆ ከሆነ ገለባ ይፈልጋል» አልኳቸው።

«እንግዲያ ምን ቆመሃል? ገለባ አምጣ!»

አመጣሁ። ሳጥኖቹን ከፍቼ በየመሐሉ ገለባ ጠቀጠቅሁበት። እሳቸውም እያንዳንዱን ዕቃ እያነሱ ስሙን ነገሩኝ። ካሜራው ጥቁር ሳጥን ነበር። ከሥሩ በብሎን የሚታሰር፣ ወደ ግራ ወጥቶ ወደ ላይ የሚታጠፍ ጠፍጣፋ ብረት አለው። እሱን «ክንድ» ይሉታል። የክንዱ ጫፍ ላይ ፍላሹ ይቆማል። ፍላሹ ደግሞ ባትሪ በሆዱ የሚይዝ ቱቦ ነው፤ አናቱ ላይ እንደ ሰሃን የጎደጎደ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ አለ፣ ከሰሃኑ መሐል አምፖሉ ይሰካል። አንድ አምፖል አንዴ በርቶ ይጣላል።

«አንዴ ብቻ? ኧረ ሻማ እንኳ ደጋግሞ ይበራል» አልኳቸው።

«እንግዲያ አንተ በሻማ ፎቶ አንሳ» አሉኝ። እንዲህ ተዋወቅን።

የዚያን ቀን ያስያዙኝ ዕቃ ማንጸባረቂያውን ነው። ማንጸባረቂያ ማለት የበር መዝጊያ ግማሽ የሚያህል ስስ ሰሌዳ ነው። በአንዱ ገጹ ከሻይ ቅጠል ሳጥን የተላጠ ብርማ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ሌላው ገጹ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። አንድ ባላገር ከነሚስቱ ሊነሣ ቆመ። ፀሐይ በቀኙ ስለነበረች የግራ ጉንጩ ጠቁሯል። ጋሸ ተሰማ «በግራው ቁም፣ ፀሐይዋን ተቀበልና ፊቱ ላይ መልስለት» አሉኝ። ብርማውን ገጽ ባዞርኩት ጊዜ ብርሃኑ ሰውዬው ዓይን ውስጥ ገባ።

«ዓይኔን ሊያጠፋው ነው እንዴ ይኸ ቀውስ!» ብሎ ዱላውን አነሣ። ሚስቱ ሳቀች፣ ገበያተኛው ሳቀ። ጋሸ ተሰማ አልሳቁም። «ነጩን» አሉኝ በለሆሳስ፤ «ሰው ሲሆን ነጩን ነው።» ነጩን ገጽ ሳዞርለት የሰውዬው ጉንጭ ቀስ ብሎ ከጥላው ወጣ። እኔ በዕድሜዬ ፀሐይን የማውቃት ስታቃጥል ነው። ልትታዘዝ እንደምትችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የደጋ ነፋስ ማንጸባረቂያ አይወድም። በተለይ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳውን ከነያዡ ሊወስድ ይደርሳል። ክንዴ እየዛለ ሰሌዳው ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑም ደንበኛው ፊት ላይ ይዋልላል። ጋሸ ተሰማ ሲመርራቸው እስቴ ላይ አንድ ባለ እጅ ፈልገው መያዣ አስቀጠቀጡ። ሦስት እግር ያለው፣ አናቱ ላይ ሰሌዳ የሚነክስ መንጋጋ ያለው ብረት ነው። ከእግሩ ላይ ድንጋይ ካሰሩበት ነፋስ አያነቃንቀውም። ስሙን «ሎሌ» አሉት።

«አሁን ሁለት ሎሌ አለኝ» ይሉ ነበር ሰው ባለበት ሁሉ። «አንዱ ይበላል፣ አንዱ አይበላም። ሥራው ግን አንድ ነው።» እኔ ግን ያንን ብረት ወደድኩት። እሱ ሲቆምልኝ እጄ ተፈትቶ ሌላውን ሥራ ተማርኩ፤ ፊልም ማጉረስ፣ ክንዱን ማሰር፣ ርቀት መለካት።

ወገዳ ላይ አንድ ባላምባራስ ከነካባቸው ተነሥተው ፎቷቸው በደረሰ ጊዜ ያስጠሩን ነገር ትዝ ይለኛል። ጋሸ ተሰማ በአንድ ወገን ጥላ የጣለ ፎቶ ይወዱ ነበር፤ «ለሰው ፊት አጥንት የሚሰጠው ጥላ ነው» ይላሉ። ባላምባራሱ ፎቷቸውን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«እግዜር የሰጠኝ ዓይን ስንት ነው?» አሉ።

«ሁለት ነው ጌታዬ» አሉ ጋሸ ተሰማ።

«አንዱን የት አደረስከው?»

«ጥላው ውስጥ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያው አውጣው! ጠላቴ አንድ ዓይና ሆነ ብሎ ደስ ይበለው?»

ደግመን አነሣናቸው። እኔም ማንጸባረቂያውን በጣም አስጠግቼ ያንን ዓይን አወጣሁላቸው።

እነዚህ የገበያና የአደባባይ ሥራዎች ናቸው። የሚከብደው የቤት ውስጡ ነው። የአገራችን ቤት መስኮት የለውም፤ ግድግዳውና ጣራው የስንት ዘመን ጥላሸት ጠጥቷል። ከተማ ያለ ፎቶ አንሺ ፍላሹን ሲያበራ ነጩ ግድግዳ ብርሃኑን ይመልስለታል። ጥላሸት ግን የሰጠኸውን ሁሉ ውጦ ዝም ይላል። ፊት ለፊት ካበራህ ሰውዬው ዱቄት የተነፋበት መስሎ ይወጣል፣ ከጀርባው ደግሞ ጨለማ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ፍላሹን ወደ ሰውዬው አናዞርም። ሎሌን በጎን እናቆማለን፣ የፍላሹን ሰሃን ወደ ማንጸባረቂያው ነጭ ገጽ እናዞራለን፣ ብርሃኑ እዚያ ተመትቶ ለስልሶ ወደ ፊቱ ይመለሳል። ክንዱ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ፍላሹን ከካሜራው ያርቀዋል፣ ወደፈለግኸውም ይዞርልሃል።

አምፖል ደግሞ አመለኛ ነው። እርጥበት ላይ ከከረመ ቂጡ ይዝግና አይበራም። ጋሸ ተሰማ ከመሰካታቸው በፊት ቂጡን በምላሳቸው እርጥብ ያደርጉት ነበር፤ ያለዚያ ባትሪው አይነካውም ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ ይፈነዳል። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት የፈነዳው የጋሸ ተሰማን ግንባር ቀደደው፤ ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው በር ጠበባቸው። ከዚያ ወዲያ ሰሃኑን በስስ ጨርቅ እንሸፍን ጀመር።

አሁን ወደ እመት ጥሩነሽ ቤት ልምጣ። ይህን ታሪክ ሳልናገረው ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ።

መስከረም ነበር፣ ወንዞቹ ገና አልጎደሉም። ከታች ጋይንት ወደ ስማዳ ስንሻገር በቅሎዋ ድንጋይ ላይ አንሸራተታትና በጎኗ ወደቀች። እሷን አተረፍናት። ካሜራውና አምፖሎቹ በሌላው ጎኗ ስለነበሩ ገለባው አዳናቸው፤ ማንጸባረቂያው ግን ከሥሯ ገብቶ ተሰባበረ። ሎሌም አንድ እግሩ ጎበጠ፣ እሱን በድንጋይ ቀጥቅጬ አቃናሁት። ወገዳ ገብተን ገበያው ላይ ያለ ማንጸባረቂያ፣ በፀሐይ ብቻ መሥራት ጀመርን።

እዚያው ገበያ ላይ አያ ፈንቴ የሚባሉ ሰው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሥራችንን ሲያዩ ቆዩና ሰው ሲቀንስ ጋሸ ተሰማን ጠጋ አሉ።

«እህቴ ልካኝ ነው። ልጇ ታማባታለች። ቆላ ተድራ ንዳድ ያዛትና በቃሬዛ አምጥተናታል። ጠበሉም ተሞከረ፣ የሐኪም መርፌም ተሞከረ። አሁን እህል መቅመስ ትታለች።»

«እግዜር ይማራት» አሉ ጋሸ ተሰማ።

«አሜን። እህቴ ከዚህች በፊት ሁለት ልጆች ፈንጣጣ ወስዶባታል። ስንት ዓመቱ! ኀዘኑን ለምዳዋለች፣ ያልለመደችው ሌላ ነው። መልካቸው ጠፋብኝ ትላለች። በሕልሜ ይመጣሉ፣ ልብሳቸውን አውቀዋለሁ፣ ፊት ግን የላቸውም ትላለች። የዚህችኛዋ መልክ እንኳ ይቅርላት ብለን ነው። ዓይኗ ሳይከደን ድረሱልን።»

ጋሸ ተሰማ ልጅቷ ወደ በሩ ትወጣ እንደሆነ ጠየቁ።

«እንዴት ተደርጎ? ፀሐይ ካየች ምች ይጨርሳታል። የእናንተው መብራት ግን የፀሐይ አይደለም፣ እሱ ምንም አይል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ነገር አደራ» አሉ። «ለመሞት ነው የምትነሺው አላልናትም። የቤተሰቡ ሁሉ ፎቶ ሊነሣ ነው ብለናታል።»

ከወገዳ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ነው። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ጭቃው አልደረቀም። በመንገድ ጋሸ ተሰማ ብቻቸውን ያጉረመርሙ ነበር። «ፊት ለፊት ካበራሁባት የማነሣው አጥንቷን ነው። የታመመ ሰው ጉንጭ ጎድጉዷል፤ ለእናቲቱ የራስ ቅል ልስጣት? ለስላሳ ብርሃን ነው የሚያስፈልጋት። በምን ልመልሰው?» አሉኝ። የማንጸባረቂያው ነገር አሳስቧቸዋል። አምፖልም የቀረን ሁለት ብቻ ነበር። ከቤቱ ነጭ ነገር አይጠፋም ብዬ አጽናናኋቸው።

እመት ጥሩነሽ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን ሴት ናቸው፤ የጋሸ ተሰማን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። «ደረሳችሁ? ደረሳችሁልኝ? ግቡ፣ ግቡ» አሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ከወንድማቸው ከአያ ፈንቴ ጋር ነው።

ልጅቷ ስንዱ ትባላለች። መደብ ላይ በጋቢ ተሸፍና ጀርባዋን ለግድግዳው ደግፈው አስቀምጠዋታል። ፀጉሯን ሹሩባ ሠርተዋታል፣ ዓይኗን ኩል ኩለዋታል፣ አንገቷ ላይ የብር መስቀል አለ። ፊቷ የሰም መልክ ይዟል። ዓይኗ ግን ንቁ ነበር፣ ከመግባታችን ጀምሮ ሳጥኖቻችንን ትከታተል ነበር።

«የቤተሰቡን ሁሉ የምታነሡት እናንተ ናችሁ?» አለችን።

«አዎ እኛ ነን» አሉ ጋሸ ተሰማ።

«እንግዲያ በበሬው ጀምሩ። ከሁላችን የሚያምረው እሱ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆኖ አለቀ። እናቷም አብረዋት ሳቁ፣ አያ ፈንቴም ሳቁ። እኔ ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ የሳጥን ገመድ እፈታ ነበር። ጋሸ ተሰማም የክንዱን ብሎን ይፈልጉ ነበር።

ካሜራውን አቆምን፣ ክንዱን አሰርን፣ ሎሌን ከመደቡ በጎን አቆምኩት። አናቱ ላይ የሚነክሰው ነገር የለም። ጋሸ ተሰማ ዞር ዞር ብለው ቤቱን አዩ። የቤቱ ጋቢና ነጠላ ሁሉ ጭስ የበላው ነው፤ የእኔም የእሳቸውም ልብስ የመንገድ ጭቃ ጠጥቷል።

«እመት ጥሩነሽ» አሉ፤ «ብርሃኑን የሚመልስልኝ ነጭ ነገር እፈልጋለሁ። ሰፋ ያለ፣ ጭስ ያልነካው።»

«ጭስ ያልነካው?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «አለኝ! አለኝ እንጂ!»

ደስ ብሏቸው እየተጣደፉ ወደ ጓዳ ገቡ። የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማን። ከዚያ ዕቃ ሲገለባበጥ ቆየ፤ የሚፈልጉት ነገር ከታች ከሥሩ ነበር። ሲወጡ የታጠፈ አቡጀዴ በክንዳቸው ይዘዋል። አዲስ ነው፣ ሱቅ ውስጥ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም።

ያንን ጨርቅ ሳየው ምን እንደሆነ አወቅሁ። የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት ባልቴት ያልተሰፋ አዲስ አቡጀዴ ሳጥኗ ሥር አኑራ ዓመት ከዓመት ጭስና ብል ስትከላከልለት፣ ያ ጨርቅ መገነዣዋ ነው። ሰው ላይ ሸክም እንዳትሆን፣ የሞተች ዕለት ጎረቤት ጨርቅ ፍለጋ እንዳይራወጥ በቁሟ ያዘጋጀችው ነው። እናቴም ነበራት።

እመት ጥሩነሽ ግን ያን ጊዜ መገነዣቸውን አላዩትም። ነጭ ነገር ነው ያዩት። ፎቶ አንሺው ነጭ ሲላቸው በቤታቸው ካለው ሁሉ የነጣውን አመጡ። እኔ አፌን ሳልከፍት መደቡ አጠገብ ደርሰው ጨርቁን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ዘረጉት። «ይበቃል? ሰፊ ነው፣ ይበቃል?» ይሉ ነበር።

አያ ፈንቴ አማተቡ። ጋሸ ተሰማ የከተማ ሰው ናቸው። «ግሩም ነው!» አሉ።

ስንዱ ጨርቁን አየችው። ከአናቱ እስከ እግሩ አየችው።

«እምዬ» አለች፤ «ይኸ ያንቺው አይደል?»

«የኔው ነው ልጄ፤ ለመብራቱ ነው፣ ሰውዬው ለመብ...» አሉና በጨርቁ ጠርዝ በኩል ልጃቸውን ሲያዩ አቆሙ። የያዙትን ነገር ያወቁት ያኔ ነው። እጃቸው ግን አልወረደም። ጨርቁ ከፊታቸው ተዘርግቶ ስለነበር እኔ ካለሁበት ፊታቸውን አላየሁትም፣ ጣቶቻቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ስንዱ ድምፅዋን ሳትቀይር ጠየቀች።

«ይኸን ለኔ ካደረግሽው አንቺ ምን ልትለብሺ ነው?»

አያ ፈንቴ ወደ በሩ ዞረው ቆሙ። ጋሸ ተሰማ ነገሩ የገባቸው አሁን ነው። ፍላሹን ዝቅ አድርገው «እንተወው፣ ሌላ ቀን እንመጣለን» አሉ። ሌላ ቀን እንደሌለ እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ይነሣ» አለች ስንዱ። «ኧረ ይነሣ። ይኸን ሁሉ መንገድ መጥታችሁ።» ጋቢዋን ከትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ አንገቷ ሥር ያለውን መስቀል በጣቷ ወደ መሐል መለሰችው።

ጨርቁን ተቀብዬ ሎሌ ላይ ልወጥረው ፈለግሁ። እመት ጥሩነሽ አልለቀቁም። ጎተት አደረግሁት፣ አልለቀቁም። እንደያዙት ይሁን ብዬ ታችኛውን ጫፍ ከመሬት አነሣሁና ወጠርኩት። እሳቸው ከላይ እኔ ከታች ያዝነው።

ጋሸ ተሰማ የፍላሹን ሰሃን ወደ ጨርቁ አዞሩ፣ ካሜራውን ተጫኑ። አምፖሉ አልበራም። አወጡት፣ ጠረጉት፣ በምላሳቸው ነክተው መልሰው ሰኩት። አሁንም አልበራም። የመጨረሻውን አምፖል ከገለባው ውስጥ አወጡ።

ያኛው በራ። ቤቱ ከጣራው እስከ ምድጃው አንድ ጊዜ ወለል ብሎ ታየ፣ ከዚያ ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ምንም አላየንም። የተቃጠለ አምፖል ሽታ ቤቱን ሞላው።

በዚያ ጨለማ ውስጥ የእመት ጥሩነሽ ድምፅ ተሰማ። «ዓይኗ ተገልጦ ነበር?»

«ተገልጦ ነበር» አሉ ጋሸ ተሰማ።

እመት ጥሩነሽ ጨርቁን በድሮው መስመር ሊያጥፉት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ወደ ሳጥኑ አልመለሱትም። ልጃቸው እግር ሥር ቁጭ ብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ስንዱ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ዕቃችንን ጭነን ወጣን።

ደብረ ታቦር ገብተን ፊልሙ ሲታጠብ እኔም ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። የስንዱ ፊት ከውኃው ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ብርሃን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ጉንጯ አልጎደጎደም፣ ሹሩባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ መስቀሉ ያበራል። ዓይኖቿ ሙሉ በሙሉ ተገልጠዋል። ወደ ካሜራው ግን አያዩም። ከካሜራው በጎን የተዘረጋውን ጨርቅ ያያሉ።

«በዕድሜዬ ከሠራሁት ይኸ ይበልጣል» አሉ ጋሸ ተሰማ። ጥሩ ጥሩ ፎቷቸውን ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ መስቀል ልማዳቸው ነበር። ይኸኛውን አልሰቀሉትም።

ስንዱ ማረፏን የሰማነው ከስማዳ በመጣ ነጋዴ ነው። እኛ በወጣን በሦስተኛው ቀን ይሁን በአምስተኛው አላስታውስም። በዚያው በእናቷ ጨርቅ እንደገነዟት ግን ነገረን። ፎቶዋን በክፈፍ አድርገን ለዐርባዋ ተዝካር ይዘን ሄድን። ጋሸ ተሰማ ያልተጠየቁትን ክፈፍ በራሳቸው ገንዘብ ነው ያሠሩት።

ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሕዝቡ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል። እመት ጥሩነሽ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ማቅ ለብሰው ጥግ ይዘዋል። ጋሸ ተሰማ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ክፈፉን ሰጧቸው። እመት ጥሩነሽ ተቀብለው አዩት። ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አላለቀሱም። ዙሪያቸው የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው አዩና «ውይ ስታምር! ራሷን እኮ ነው!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ።

እመት ጥሩነሽ ቀና ብለው ጋሸ ተሰማን አዩአቸው። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«እግዜር ይስጣችሁ፣ ደክማችኋል» አሉ። «ይኸን ጨርቁን የምታይበትን መልኳንስ ያለ ፎቶም አልረሳውም። እኔ የለመንኋችሁ የሚጠፋብኝን፣ የዘወትሩን ነበር።»

ክፈፉን ገልብጠው ለወንድማቸው ሰጡት።

በልጅቷ ሞት ካዘንኩት ይልቅ በዚያች በተገለበጠች ፎቶ ያዘንኩት ይበልጣል፤ አሁንም ያሳዝነኛል። ጋሸ ተሰማ ከዚያ በኋላ ታማሚ ቤት አልገቡም፤ ጥሪ ሲመጣ እኔን ይልኩኝ ነበር። ቆይቼም የራሴን ካሜራ ገዝቼ ወጣሁ፣ እስቴና ጋይንት ውስጥ በዚህ ሥራ አረጀሁ።

ለባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ሰው ቤት ስትጠሩ ክንዱን ደጅ እሰሩ። አምፖሉን ደጅ ሰኩ፣ ማንጸባረቂያችሁንም መያዣው ላይ አስነክሳችሁ ግቡ። ጨርቅ ከቤቱ አትጠይቁ። የሰው የዘወትር ፊት የሚገኘው ገና ስትገቡ፣ ልቡ ሌላ ነገር ሳያስብ ነው።